በሰሊጥ ነዶ የተዳኘ ኦፍሳይድ

ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሻይ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ባንበር በምንላቸው አጫጭር መቀመጫዎች ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንዲት ብርጭቆ ሻይ ይዘው ግማሽ ቀን ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ። ሰው ስለ መሬቱ ወይም ስለ ሚስቱ ቢጨቃጨቅ ይገባኛል። እነዚህ ግን የሚጨቃጨቁት ባሕር ማዶ ስላለ የአንድ ክለብ ባለቤት ነበር። ስስታም ነው፣ ደህና ተጫዋች አይገዛም፣ ክለቡን እንደ ሱቅ ነው የያዘው፤ ይሽጥና ይውጣ!

ከሁሉም አብልጦ «ይሽጥና ይውጣ» የሚለው መካኒኩ ነበር። በድርቁ ዘመን በጎረምሳነቱ ድንበር ተሻግሮ እዚሁ የሸበተ ሰው ነው፤ እኔ «አያ» እለዋለሁ። የሚያድርበት ክፍል የኪራይ፣ የሚሠራበት ክሪክ የጎረቤት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የአንድ አገር ባለጸጋን ንብረትህን ሽጥ ብሎ ሲያዝ መስማት ምንኛ ደስ ይላል መሰላችሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ የሰማይዋ ላም ባለቤት ትቀይር ብሎ የሚጮህ ሰው ግን ያየሁት ገዳሪፍ ነው።

ተቃዋሚው ጸጉር አስተካካዩ ነው። እዚሁ ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው፤ ነገሩን በአማርኛ ጀምሮ በዐረብኛ ይጨርሰዋል። እምነቱ አንድ ነው፤ መካኒኩ ያለው ሁሉ ስህተት ነው። መካኒኩ ባለቤቱ ይውጣ ካለ እሱ ይቆይ ይላል። አንድ ቀን መካኒኩ ደክሞት «ይቆይ እንግዲህ» ቢል፣ ጸጉር አስተካካዩ ከባንበሩ ተነሥቶ «ለምን ይቆያል ያ ዞል!»፣ አንተ ሰው ማለቱ ነው፣ ብሎ ሻዬን ደፋብኝ።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር መብራቱ ይጠፋ ጀመር፤ ኳስ የሚታይበት አዳራሽም የተፈናቀሉ ቤተሰቦች መጠለያ ሆነ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ጆሮዬ ሊያርፍ ነው ብዬ ነበር። የኔዎቹ ለጥቂት ጊዜ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አቀርቅረው ከረሙና፣ የሚጨቃጨቁበት ነገር እንዳያጡ የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ። ተጫዋቾቹ ከመተማና ከጎንደር ቆላ ለአጨዳ የመጡ፣ ሌሎቹም እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆች ነበሩ። ሜዳው የበግ ገበያው ሜዳ ነው፤ በጎቹ እስኪነሡ ጨዋታ አይጀመርም።

ክለብ ካለ ባለቤት መኖር አለበት፤ አለበለዚያ ማን ይሰደባል? ባለቤት ሆነው የተገኙት ሀጂ ናቸው። ወላጆቻቸው ከጎንደር መጥተው እዚህ የከበሩ፣ እሳቸውም ወደ ፋሽጋ በሚወስደው መንገድ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው፣ ቁጡ ግን ቂም የማይዙ ሰው ናቸው። ማልያውን፣ ኳሱን፣ መረቡን ገዙ። ማልያው ጀርባ ላይ ጆንያቸው ላይ የሚታተመውን የግመል ምልክት አሳተሙበት። መካኒኩ ማልያውን ገልብጦ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ልጆቹን ጆንያ አደረጓቸው እኮ!» አለ። «ይህ ሰውዬ ክለቡን የሚያየው እንደ መጋዘን ነው።»

«ጆንያም ቢሆኑ የሀጂ ጆንያ ናቸው» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «የገዛ ሰው ባለቤት ነው፤ ኸላስ፣ አለቀ።»

«ክለብ የደጋፊ ነው! እኛ ካልጮህን ክለብ የለም!»

በሳምንቱ «ይሽጥና ይውጣ» እንደገና ተጀመረ። ልዩነቱ፣ ይህኛው ባለቤት ሲያልፍ የሚሰማ መሆኑ ነው። ሀጂ በፒካፕ መኪናቸው በኒሙ ዛፍ አጠገብ ሲያልፉ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ስንት ትገዙኛላችሁ?» ይሉና ይስቃሉ፤ መካኒኩም ባንበሩ ላይ ቀና ብሎ «እንነጋገራለን!» ይላቸዋል።

ይህን ሁሉ ግርግር የታገሥኩት በወንድሜ ምክንያት ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ለአጨዳ ብሎ መጥቶ እኔ ዘንድ ቀረ፤ ቀረ ስል ግን አካሉ ነው፣ ልቡ ሊቢያ ነበር። አብረውት ያጨዱ ጓደኞቹ በረሃውን አቋርጠው ሄደዋል። ከአሻጋሪው ጋር ተነጋግሮ እንደነበርም አውቃለሁ። ሌሊት ሲገላበጥ እየሰማሁ፣ ነገ ጠዋት መኝታው ባዶ ቢሆንስ እያልኩ ስንት ጊዜ እንቅልፍ እንዳጣሁ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

ክለቡ ሲቋቋም ረጅም ስለሆነ፣ ደግሞም ሌላ ሰው ስላልፈለገው፣ በረኛ አደረጉት። ከዚያ በኋላ የሊቢያን ስም አላነሣም። ማታ ጓንቱን አጥቦ ገመድ ላይ ያሰጣል፤ ጠዋት ደርቆ እንደሆነ ያየዋል። ሀጂም ድምፁን ሜዳ ላይ ሰምተው፣ ፊቱ የቆሙትን ሰዎች እንዲህ የሚያዝ ልጅ ለማሳዬ ይሆናል ብለው የአጫጆች አለቃ አደረጉት። ስለዚህ እኔ፣ ኳስ ክብ መሆኑን ብቻ የማውቅ ሴት፣ የክለቡ ዋና ደጋፊ ሆንኩ። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ግድ አልነበረኝም፤ ወንድሜ በሁለት እንጨት መካከል ቆሞ ይቅርልኝ እንጂ።

ከዚያ የኦፍሳይዱ ጉድ መጣ። ከባቡር ጣቢያው ሰፈር ቡድን ጋር እየተጫወትን ነበር። አንድ አጥቂያቸው ብቻውን ከፊት ተገኘ። ወንድሜ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ «ኦፍሳይድ!» ብሎ ቆመ። ዳኛው ዝም አለ፤ ልጁም ኳሷን አጠገቡ በቀስታ አሳልፎ አገባት። ተሸነፍን።

ያን ጊዜ በኒሙ ሥር የሆነውን አልረሳውም። መካኒኩ ኦፍሳይድ ነው አለ። ስለዚህ ጸጉር አስተካካዩ ኦፍሳይድ አይደለም አለ። ኦፍሳይድ ካልሆነ በረኛው ለምን ቆመ? «ሸጦን ነው» አለ ጸጉር አስተካካዩ። ነገሩን የተናገረው መካኒኩን ለማብሸቅ እንጂ ወንድሜን ለመጉዳት አልነበረም፤ ይህን ዛሬም አምናለሁ። ግን ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል? በማግስቱ ሜዳው ዙሪያ የቆሙት ሁሉ «ሻጩ መጣ» ይሉት ጀመር። ሲለማመድ ይጮሁበታል፣ ኳስ ሲይዝ እንኳ «ዛሬ አልተከፈለህም እንዴ?» ይሉታል። የራሱ ደጋፊዎች ናቸው እንግዲህ። እኔ ከኒሙ ሥር አንዱን በማንኪያ ልመታው ተነሥቼ ሰው ያዘኝ።

የመልሱ ጨዋታ ዓርብ ከጸሎት በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ። ዕለቱ ሲቃረብ ሰሊጡ ደረሰ። ሰሊጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደርሶ አፉን ከከፈተ በኋላ ነገ ላጭድህ ቢሉት አይሰማም፣ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ሀጂም ተጫዋቾቹን ጠቅልለው ማሳ ወሰዷቸው። አጨዳው ካላለቀ ዓርብ የሚባል ነገር የለም አሉ።

«ሰሊጡን ከክለቡ አስበለጠ!» ብሎ ጮኸ መካኒኩ። ሰውየው የሚኖሩት በሰሊጥ እንጂ በክለብ አለመሆኑን የሚነግረው ሰው አልነበረም። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ግን ከዚያ ሁሉ አፍ አንድ ደህና ሐሳብ ወጣ፤ ያውም ከመካኒኩ።

«ደቦ እንውጣ» አለ። «እኛ ደጋፊዎቹ ሄደን እናጭድ። አጨዳው ቶሎ ያልቃል፣ ልጆቹ ይለቀቃሉ።»

ደቦ አገራችን ሳለን የምናውቀው ነው፤ ሰው ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ በአንድ ቀን ይጨርሳል፣ ባለማሳው ደግሶ ያበላል። የኔዎቹ ደቦ ግን ባለቤቱ ያልጠሩት ነበር። ሀጂ መጀመሪያ እምቢ አሉ። እነዚህ የከተማ ሰዎች ማጭድ ከየት ወገን እንደሚያዝ ረስተዋል አሉ። ወንድሜ ነው የለመናቸው። «እኔ እጠብቃቸዋለሁ ሀጂ፣ በኔ ይሁንብዎ» አላቸው። ሻጭ ላሉት ሰዎች ዋስ ሆነ። ምናልባት አብረውት ቢያጭዱ ስሙን ይመልሱልኛል ብሎ አስቦ ይሆናል።

ሐሙስ በትራክተር ተጎታች ተጭነን ሄድን። እኔም ፉሉንና የሻይ ዕቃዬን ይዤ አብሬ ወጣሁ፤ መቼም ደቦ ያለ ምግብ አይሆንም። ጠዋት ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይል ነበር። መካኒኩ ወገቡን ይዞ ያጭዳል፣ ጸጉር አስተካካዩ የሰሊጡን አናት እንደ ደንበኛ ጸጉር ከላይ ከላዩ ይከረክመዋል፣ ወንድሜ እየሳቀ ከሥር እንዲቆርጥ ያሳየዋል። ወንድሜ ሲስቅ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ዛሬ ይታረቃሉ ብዬ በሆዴ ስለት ተሳልኩ።

ፀሐዩ ሲበረታ ወንድሜ አጫጆቹን ይዞ ወደ ማሳው ዳር ራቀ፤ ደጋፊዎቹ ደከመን ብለው ቀድሞ ተዘርቶ ቀድሞ የታጨደው ሰሊጥ ወደ ቆመበት ቦታ ለዕረፍት መጡ። ሰሊጥ ሲታጨድ በነዶ ታስሮ፣ አፉ ወደ ሰማይ ሆኖ፣ ነዶው በነዶ ላይ ተደግፎ ይቆማል። ሂላ ይባላል። እዚያ ቆሞ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ሸራ ሳይነጠፍለት ማንም አይነካውም፤ ትንሽ ካጋደሉት ፍሬው እንደ ውሃ ይፈስሳል። ይህን ከኛ አገር ቆላ የመጣ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

እኔ ፉሉን እያማሰልኩ ነበር። ስለ ኦፍሳይዱ ሲጀምሩ ሰማሁ፤ መቼ አቁመው ያውቃሉ ብዬ ጆሮ አልሰጠኋቸውም። መካኒኩ «አጥቂው እዚህ ነበር» ይላል፤ ጸጉር አስተካካዩ «አልነበረም፣ ወላሂ፣ ተከላካያችን ከኋላው ነበር» ይላል። ከዚያ ሽው የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ዝናብ መሰለኝ። ቀና ብል መካኒኩ ከሂላው ላይ ደረቅ ነዶ እየመዘዘ መሬት ላይ ያጋድማል። አንዱ ነዶ ተከላካይ፣ አንዱ አጥቂ። ትልቁን ነዶ አንሥቶ በረኛ ብሎ ከኋላ አጋደመው። ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ አጥቂውን እግሩን ይዞ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ መካኒኩ ነጥቆ ወደ ፊት ይመልሰዋል። አጥቂው በሄደ በመጣ ቁጥር ሰሊጡ ይዘረገፋል።

«ተው! ተው አያ! እንዳትነኩት!» ብዬ እየጮህኩ ሮጥኩ።

መካኒኩ ነዶውን እንዳቀፈ ወደ ጸጉር አስተካካዩ ዞረ። «ሰማህ? እሷም አጥቂውን አትንካው አለችህ። የነበረበት ቦታ ይሄው ነው!»

ከሩቅ የሀጂ ፒካፕ አቧራ ታየ። ምሳ ይዘውልን እየመጡ ነበር፤ ለካ ደቦ ነው ብለው በግ አሳርደዋል። ከመኪናው ወርደው ሂላቸውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። የገዳሪፍ ጥቁር ዋልካ ዝናብ ካለፈ በኋላ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ሰሊጡ እዚያ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል።

«ክለቡ የማን ነው ስትሉ ከረማችሁ» አሉ ሀጂ። «ሽጥና ውጣ አላችሁኝ። ኸላስ፣ ሸጥኩላችሁ። ዋጋው መሬት ላይ ያለው ነው። ልቀሙና ስጡኝ፣ ክለቡም ግመሉም የእናንተ ይሁን።»

ወንዶቹ በጉልበታቸው ተንበርክከው አፈሩን ይቧጥጡ ጀመር። ሰሊጥ ከዋልካ ስንጥቅ ማን ለቅሞ ያውቃል? ጥቂት እንደቆዩ ክለቡ የማንም አይደለም ማለት ጀመሩ። መካኒኩ፣ ነዶውን የጎተተው ጸጉር አስተካካዩ ነው አለ፤ ጸጉር አስተካካዩም ከሂላው ያወረደው መካኒኩ ነው አለ። ሀጂም ሁለቱንም ትተው «በማን ዋስትና ነበር የገቡት?» ብለው ጠየቁ። የሚያውቁትን ነበር የጠየቁት።

ወንድሜ ከማሳው ዳር እየሮጠ መጥቶ ነበር። «በኔ ነው ሀጂ» አለ።

«እንግዲያው አንተም ውጣ። ማሳዬን እንዳትረግጥ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄው ነው። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ልጁ ጥፋት የለበትም አላለም። እኔ አልኩ፤ የሻይ ሻጭ ጩኸት ግን ነፋስ ይወስደዋል። ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ወደ መሬት እያየ «የዚያን ቀን እጁን ባያነሣ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» ብሎ አጉረመረመ። ወንድሜ ሰማው።

በተጎታቹ ላይ ስንመለስ ከጎኔ ተቀመጠ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «እታለም» አለኝ፣ «ኦፍሳይድ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት መኝታው ባዶ ነበር። ጓንቱ ታጥቦ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል፤ ገና ያንጠባጥብ ነበር። ገመዱ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቀትር ላይ ሀጂ ከመስጊድ ሲወጡ ቤቴ መጡ። ቁጣቸው እንደ ልማዳቸው አድሮ በርዷል። ልጆቹን በሙሉ ለቀውልናል፣ ማልያውንም ራሳቸው ጭነው አምጥተዋል። «ልጁን ጥሪው» አሉኝ፣ «ተናድጄ ነው እንጂ ያለ እሱ አጫጅ የሚያዝልኝ ማን አለኝ?» ገመዱን በአገጬ አሳየኋቸው። ሀጂ ጓንቱን ሲያዩ ኮፍያቸውን አውልቀው ባንበር ላይ ተቀመጡ።

በረኛ ሆኖ የገባው ጸጉር አስተካካዩ ነው። የገባበትን ጎል አልቆጠርኩም፤ የቆጠሩት ይበቃሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ደጋፊዎቹ ኒሙ ሥር ተሰብስበው ጥፋተኛውን ፈለጉ፣ አገኙትም። «በወሳኝ ጨዋታ ጥሎን ሄደ» አሉ ወንድሜን። ሻይ አልቋል አልኳቸው። ማንቆርቆሪያው ሙሉ ነበር።

ወንድሜ ሊቢያ ደርሶ ደወለ። በረሃውን እንዴት እንዳለፈ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። መኪና ያጥባል።

ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ሀጂ ኒሙ ሥር መኪናቸውን አቁመው «ኑ፣ ጉዳችሁን እዩ» አሉን። ተሳፍረን ሄድን። ማሳው ገና አልታረሰም፣ ጥቁር ባዶ መሬት ነው። ሂላው በነበረበት ቦታ ግን ለምለም ሰሊጥ በቅሏል፤ የተዘረገፈው ፍሬ ከስንጥቁ ውስጥ ወጥቶ። እንደ ዘሩት አይደለም፣ እንደ ተጋደመው ነው። እዚህ ተከላካዩ፣ እዚያ ሌላው ተከላካይ፣ ከሁሉም ፊት አጥቂው፤ ከኋላ ደግሞ ብቻውን በረኛው።

ጸጉር አስተካካዩ መሬት ላይ ተኝቶ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረ። ተነሣ፣ በሌላው ወገን ተኝቶ እንደገና አነጣጠረ። «ወላሂ፣ ኦፍሳይድ ነው» አለ።

መካኒኩ እጁን ዘርግቶ ከመሬት አነሣው። ከተዋወቁ ጀምሮ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ነዶዎቹን ያጋደማችሁት እናንተ ናችሁ እኮ» አልኳቸው።

«እሱ ሌላ ነገር ነው» አለ መካኒኩ። «ያበቀለው ፈጣሪ ነው። ደውይለት ልጄ፣ ንጹሕ ነው በይው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደወልኩ። ስልኩን ከእጄ ነጥቀው እየተቀባበሉ ጮኹበት፤ ኦፍሳይድ ነበር፣ መሬቷ መሰከረች፣ ነጻ ነህ፣ ና ተመለስ፣ ሀጂም እዚህ ናቸው። ሀጂ ስልኩን ሳይቀበሉ ከሩቅ «ሥራህ አለ!» አሉ። በመጨረሻ ስልኩ እኔ ዘንድ ሲመለስ ወንድሜ «እታለም፣ በረኛው አሁን ማን ነው?» አለኝ።

ጸጉር አስተካካዩን አየሁት። የወንድሜን ጓንት ከኔ ገመድ ላይ ያወረደው እሱ ነው። አንገቱን ደፋ።

«ማንም የለም» አልኩት።

«ደህና» አለና «ነገ ጀልባ አለ፤ ባሕሩን ከተሻገርኩ እደውልልሻለሁ» አለኝ።

ሀጂ ማሳው ሲታረስ ትራክተሩ ያችን ቦታ ዞሮ እንዲያልፍ አዘዙ፤ መሬታቸው ነው፣ የወደዱትን ያደርጋሉ። ደጋፊዎቹ ዛሬም ኒሙ ሥር ናቸው። ባለቤቱ ይሽጥና ይውጣ ይላሉ፤ ባለቤቱም አልሸጡም፣ አልወጡም፣ መካኒኩም አለ፣ ጸጉር አስተካካዩም አለ። የወጣው ክለቡ የኔ ነው ብሎ የማያውቀው ወንድሜ ብቻ ነው። እኔ ሻይ ስቀዳ ስልኬን ከፊቴ፣ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀምጣለሁ። እስካሁን አልደወለም።